ፎስተርን ያደኸየው መጠጥ ብቻ አልነበረም
ስለ አሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ስቲቨን ፎስተር የወጣው ጽሑፍ፣ ሰውየው በ1864 (እ.ኤ.አ.) በ37 ዓመቱ ኪሱ ውስጥ 38 ሳንቲም ብቻ ይዞ የሞተው «ገንዘቡን ሁሉ ጠጥቶ ስለጨረሰ ነው» ሲል የታሪኩን ግማሽ ትቶታል። መጠጡን አልክድም፤ ነገር ግን በ1848 «ኦ ሱዛና» የተባለው ዘፈኑ ታትሞ አገሩን ሲያዳርስ፣ አሳታሚዎች እየተሻሙ ያለ እርሱ ፈቃድ ያባዙት እንደነበርና ለደራሲው የደረሰው እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ እንደነበር መጠቀስ ነበረበት። የዘመኑ ሕግ የታተመውን የኖታ ወረቀት እንጂ በመድረክ የሚቀርበውን ዜማ ስለማይጠብቅ፣ ዘፋኞች በየከተማው አዳራሽ ሞልተው ሲያስጨበጭቡ ለእርሱ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም ነበር። በ1857 ደግሞ ችግር ሲያጣድፈው፣ በታተሙት ዘፈኖቹ ላይ የነበረውን የወደፊት ድርሻ በ1,872 ዶላር ገደማ ለአሳታሚዎቹ ሸጠ። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የስሙ ነገር ነው፤ በ1851 ስለ ስዋኒ ወንዝ የሚያወሳው ዝነኛ ዘፈኑ የዘፋኞች ቡድን መሪ በነበረው በክሪስቲ ስም እንዲታተም በክፍያ ተስማምቶ፣ በማግስቱ ዓመት ተጸጽቶ ስሙ እንዲመለስለት በደብዳቤ ቢለምንም ክሪስቲ እንቢ አለው። ከላይ «ስለ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጻፈው ኖሮበት ስለሚያውቀው ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ፎስተር በፒትስበርግ አቅራቢያ የተወለደ የሰሜን ሰው ሲሆን፣ የስዋኒን ስም ያገኘው ከካርታ ነው፤ በ1852 በወንዝ መርከብ ወደ ደቡቧ ከተማ ኒው ኦርሊንስ የተጓዘውም ዘፈኑ ከታተመ በኋላ ነው።