እንኳን ለዘንድሮው አብዮት አደረሳችሁ

የዘንድሮው የግራፊክስ አብዮት ባለፈው ማክሰኞ ገባ። እኔ ዘንድ የደረሰው በቴሌግራም ነው፤ ያደረሱልኝም ደንበኛዬ ናቸው። ለሚያሠሩት የእንግዳ ማረፊያ የ1 ደቂቃ አኒሜሽን አዘውኛል። ማኪያቷቸውን ገፋ አድርገው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑና «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ በአንድ ሴኮንድ አደርሳለሁ ይላል። አንተ ሳምንት ያልከኝ ገንዘቤን ልትበላ ነው?» አሉኝ።

ቪዲዮውን ሳታዩት ታውቁታላችሁ። ጥቁር ስክሪን፣ ድም የሚል ከበሮ፣ ከዚያ አንድ ድንጋይ። ካሜራው ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ አሸዋው እስኪቆጠር ይጠጋል። «ፖሊጎን ሞተ!» ይላል ተራኪው። ፖሊጎን የኮምፒውተሩ ቤትና ዛፍ የሚገጣጠምበት ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው። በኔ ቆጠራ ሲሞት ይሄ አምስተኛው ነው፤ አርባው ሳይወጣ ተነሥቶ ሥራ ይገባል።

ሥራዬ ሬንደር ነው፤ ከኮምፒውተር ሞዴል ምስል ማውጣት። መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንጻ ላይ ፀሐይ አወጣለሁ፣ ዛፍ እተክላለሁ። (ከቤቱ በፊት ጥላው የሚደርሰው በኛ ሙያ ብቻ ነው።) ስለዚህ እነዚህን የአብዮት አብሳሪዎቻችንን ለማመስገን ከኔ የቀረበ ሰው የለም።

መጀመሪያ ስለ ድፍረታቸው። በፈረንጆቹ 1986 የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪው ጄምስ ካጂያ የሬንደሪንግ እኩልታ የሚባለውን ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፣ ከግድግዳው አንዷ ነጥብ የሚወጣው ብርሃን ራሷ የምታመነጨው ሲደመር ከየአቅጣጫው አርፎባት የነጠረው ነው። ጣጣው ያረፈባትም ከወለሉ፣ የወለሉም ከጣሪያው ነጥሮ የመጣ መሆኑ ነው። ቀይ ምንጣፍ ያነጠፋችሁበት ሳሎን የነጩ ግድግዳ ግርጌ የሚቀላው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉን መከተል ስለማይችል ጨረር እየወረወረ በናሙና ይገምታል፤ ናሙናው ሲያንስ ምስሉ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ያንን ጤፍ በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን 4 እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። አብሳሪዎቻችን ይሄን ሒሳብ በ3 ደቂቃ ቪዲዮ ሽረውታል፤ ያውም ያለ ነጋሪት።

ከሁሉ የምወደው ግን ደሴታቸውን ነው። ቢያንስ ከ2011 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ እኛማ አብዮታችን በ1966 ፈንድቶ እስካሁን ያስነጥሰናል) ወሰን የለሽ ዝርዝር ያለው ደሴት በየጊዜው እየተገኘ ነው። እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ለብቻዋ አለች ይባላል። እስኪ እንቁጠር። ደሴቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ይሁን። በየካሬ ሚሊ ሜትሩ አንድ ነጥብ ብናስቀምጥ 1 ትሪሊዮን ነጥብ ይመጣል። ለእያንዳንዷ የቀለም 3 ባይት ስጡ፤ ቦታዋን እንኳ ሳንመዘግብ 3 ቴራባይት ሆነ። ያውም ላዩ ብቻ።

ታዲያ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ እንዴት ገባ? ዘንባባውን ተመልከቱ። በግራ ያለው ሦስተኛው ዝንጣፊው ትንሽ ተሰብሯል። በቀኝ ያለውም ሦስተኛው ዝንጣፊው ትንሽ ተሰብሯል። ኮረብታው ላይ ያለው ጫካ በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ነፋስ፣ ሦስተኛው ዝንጣፊው ላይ ተመትቷል። ነፋስ ካልኩ አይቀር፣ ደሴቱ ነፋስ የለውም። ባሕሩ እንደ እርጎ ረግቷል። ፀሐይዋ ኢያሱ በገባዖን እንዳቆማት ቆማለች። ሰው የለም፤ ቢኖር መንቀሳቀስ ሊያምረው ነው። ዝንብ እንኳ የለም። እዚያ ብኖር ደስ ይለኛል። ኪራይ ቢጨመር እኩል ነው የሚጨመርብን፤ አከራዩም ተከራዩም የተቀዱ ናቸው። ዕድሩም አይከስርም፤ መሞትም እንቅስቃሴ ነውና ማንም አይሞትም።

ጥበቡ ኢንስታንሲንግ ይባላል። ዛፉን አንዴ አስቀምጠህ «እዚህም አለ፣ እዚያም አለ» እያልክ አድራሻ ብቻ ትጽፋለህ። እኔም የማረፊያውን ግቢ በአንድ ጽድ የሞላሁት በዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ጽዱን ትንሽ ትንሽ አዞረዋለሁ። ይሉኝታ አለኝ።

ከ2025 ወዲህ ደግሞ አንዱን ፍሬም (ቪዲዮ ከሚሆኑት ተከታታይ ምስሎች አንዱን) በወጉ ሠርቶ ሦስቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሞላ የግራፊክስ ካርድ መጥቷል። እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል፤ አልዋሽም፣ ያምራል። አብሳሪው ግን «ፍጥነቱ 4 እጥፍ!» ይላል። ቁልፍ ስትጫኑ መልስ የሚሰጣችሁ ያው አንዱ ነው። አንድ ተሳፋሪና ሦስት ፎቶግራፍ ጭኖ «ሞልቷል፣ ሳበው!» የሚል ረዳት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እስኪ ቀልዱን ላቁመው። ሌላው ተመራማሪ ተርነር ዊትድ ነጸብራቅና ስብረትን በጨረር የሚያሳየውን ዘዴ ያሳተመው በ1980 ነው። ተራ ሰው በሚገዛው ካርድ ላይ ለዚሁ የተሠራ ሃርድዌር የመጣው በ2018። 38 ዓመት! በመሐሉ ስንቱ ዕድሜውን ፈጀበት፤ ሒሳቡንም እንካችሁ፣ ሞክሩት ብሎ ሰጠ። አብሳሪው ፋይል አይሰጥ፣ ሒሳብ አያሳይ። ቢሮዬ የሚመላለስ አንድ ልጅ ነበር። እቁብ ሲደርሰው ካርድ ገዝቶ ብርሃን አቀማመጥ ይማር ጀመር። ባለፈው ወር «አልቆለታል አሉ እኮ» ብሎ ተወው፤ ካርዱንም በኪሳራ ሸጠው። ለዚህ ልጅ ማን ነው የሚከፍለው? ይሄ ውሸት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ለደንበኛዬ አስረዳኋቸው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሆን 1 ደቂቃው 1,500 ፍሬም ነው፤ አንዱ 4 ደቂቃ ሲፈጅ 100 ሰዓት ይሆናል፤ መብራት ካልሄደ። ራሳቸውን የነቀነቁት መብራት ስል ብቻ ነው። «እንግዲያው ጋሼ፣ የሰውዬውን ሶፍትዌር ያውርዱልኝና አሁኑኑ ላስረክብዎ» አልኳቸው። ሊንኩን ነኩት። «በቅርብ ቀን» ይላል፤ ከሥሩ ኢሜይል ማስገቢያ። ልጃቸው ጋ ደውለው ኢሜይላቸውን ጠየቁና አስገቡ።

ሐሙስ ማታ 612ኛው ፍሬም ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። መልስ መጥቶላቸዋል።

«ልጄ፣ አክሲዮን ግዛ ነው እኮ የሚለኝ። ልግዛ እንዴ?»