ማስተካከያ፦ ስለ ማያ ቱቦው

ቤት ቢራ ለምትጠምቁ የጅማ ልጆች፣ ባለፈው ፈሳሹን ለማየት ፈሳሹ የሚያልፍበት የጎማ መስመር መሃል ለሚገባው ማያ ቱቦ "ግልጽ የሆነ የውሃ ጎማ ሁሉ ይሆናል" የተባለው ለቀዝቃዛው በኩል ብቻ ነው፣ እባካችሁ ትኩስ ላይ እንዳትሞክሩት! ተራው የፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ጎማ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ እዚህ ጅማ በከፍታው ምክንያት ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ቢፈላም ለሱ ያው ብዙ ነው፣ ከማሰሪያው ሾልኮ ሰው ያቃጥላል። ለትኩሱ ሙቀት የሚችል የላብራቶሪ መስታወት ቱቦ (ቦሮሲሊኬት) ፈልጉ፣ የተቆረጠውን ጫፍ እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ከዛ በሁለቱም በኩል ለምግብ የሚሆን ሲሊከን ጎማ አልብሳችሁ እሰሩት፣ ማሰሪያውን ግን በጣም አታጥብቁት መስታወቱ ይሰነጠቃል። ደግሞ የጋዝ ግፊት ያለበት መስመር ላይ ይሄ በጭራሽ አይገባም፣ ሊፈነዳ ይችላል።