ይድረስ ለክቡር አቶ ዜሮ

ይድረስ ለክቡር አቶ ዜሮ፣ ከየዋጋው ጀርባ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከኪሳችን በስተቀር ደህና ነን።

መቼም አመልዎ አይጣል ነው። ዋጋ ላይ ሲወጡ ሁሌም ከቁጥሩ በስተቀኝ ይቆማሉ፣ ደሞዝ ላይ ሲደርሱ ግን በስተግራ። ምነው፣ አንዴ እንኳ ቢሳሳቱ?

ሰዉ ነጋዴውን ይረግማል። እኔ ግን ጋባዥዎን አውቀዋለሁ። መንግሥት በግብር ከሚሰበስበው በላይ ሲያወጣ ጉድለቱን የሆነ ቦታ መሙላት አለበት። ከሕዝቡ ቢበደር፣ ያው የነበረው ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረ ነው የሚባለው። ብድሩ ሲከብደው ግን ወደ ማዕከላዊ ባንኩ ዞር ብሎ «እስቲ አንዴ» ይላል፣ ባንኩም ትናንት ያልነበረ ገንዘብ ይፈጥርለታል። (ዛሬ የገንዘብ ማተሚያው ራሱ ብዙም አይለፋም፤ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር መጻፍ ይበቃል።) ገንዘቡ በዛ፣ ዕቃው ባለበት ቀረ፣ እርስዎ ደግሞ ሻንጣዎን ይዘው መጡ።

ደግሞ አመጣጥዎ አድልዎ አለበት። አዲሱን ገንዘብ መጀመሪያ የሚያገኙት መንግሥት የሚከፍላቸው ናቸው፤ እነሱ ገና ባልጨመረው ዋጋ ይገዛሉ። ዞሮ ዞሮ ደሞዝተኛውና ጡረተኛው ጋ ሲደርስ ዋጋው ቀድሞ ሄዷል። ይሄ እኮ ግብር ነው! ደረሰኝ የለው፣ ፓርላማ አልመከረበት።

የሥራ ልምድዎማ ያስቀናል። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን ሥራ ያቆሙትን የሩር (የኢንዱስትሪ አካባቢዋ) ሠራተኞች ሳይቀር በማተሚያ ስትደጉም፣ ኅዳር ላይ አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። በ1946 ሃንጋሪ ውስጥ ዋጋ በ15 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ተኝቶ ሥራ ውሎ የተመለሰ ሰው ሌላ አገር የገባ ሳይመስለው አይቀርም። ዚምባብዌ ደግሞ ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላሩ ኖት ላይ 14 ሆናችሁ ተሰልፋችኋል።

እንዳልበድልዎ፣ ገንዘብ በታተመ ቁጥር አይመጡም። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ለዓመታት ገንዘብ ሲያፈስ፣ አብዛኛው ባንክ ውስጥ ተኝቶ ዋጋው ንቅንቅ አልል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ነዳጅ ሲወደድ ማተሚያው ብቻውን አልነበረም ጥፋተኛው።

የሚያሳዝነኝ ግን የሚባረሩበት መንገድ ነው። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስት፣ በ2008 አሥር፣ በ2009 አሥራ ሁለት ዜሮ ከገንዘቧ ላይ ቆረጠች። ወጪው ሳይቆረጥ እርስዎ ብቻ ተቆረጡ፤ ታዲያ ቢመለሱ ማን ይፈርድብዎታል?

አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለው በጀት ሲጸድቅ፣ እኛ ጋ ከመምጣትዎ በፊት አዳራሹ ውስጥ ይታዩ። «የበጀት ጉድለት» የሚለው መስመር ላይ ቁጭ ይበሉና፣ እጅ የሚያወጡት ሰዎች ማንን እየጋበዙ እንደሆነ ፊት ለፊት ይዩዎት።

አክባሪዎ፣
ደሞዝተኛው