ካንባን ዜሮ ክምችት ማለት አይደለም
ካንባን እያንዳንዱ የዕቃ ሳጥን ካርድ የሚይዝበት፣ ሳጥኑ ሲያልቅ ካርዱ ወደ አምራቹ ተመልሶ ምትክ የሚታዘዝበት አሠራር ነው። ስለዚህ አሠራር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «በፍላጎት የሚጎተት አመራረት (ዕቃ ሲፈለግ ብቻ ማምረት) መጋዘንን ባዶ ያደርጋል» ማለቱ ልክ አይደለም። ካንባን ለክምችት ጣሪያ ያበጅለታል እንጂ አያጠፋውም። መስመሩ በቀን 400 ዕቃ ከተጠቀመ፣ ያለቀውን መተካት 2 ቀን ከፈጀና አንድ ሳጥን 50 ከያዘ 16 ካርድ ያስፈልጋል። 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 18 ይሆናል። ካርድ ካልተመለሰ ደግሞ ማምረት የለም። «ታዲያ ካንባንን የሚጠቀመው ቶዮታ ለምን ቺፕ (የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ያስከማቻል?» ብለው ለሚጠይቁ፦ ከ2011 እ.ኤ.አ. የጃፓን ርዕደ መሬት በኋላ አቅራቢዎቹ የወራት ቺፕ እንዲይዙ ያደረገው መተኪያ ጊዜው በጣም ረጅም ስለሆነ ነው። ስሌቱ ያው ነው፤ ቀኑ ሲረዝም መጠባበቂያው ይበዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙ ፋብሪካ ካርዱን ይቀዳል፣ የምርት ዕቅዱን ግን አያመጣጥንም። ዛሬ 100፣ ነገ 900 እየታዘዘ ካንባን በደንብ አይሠራም፤ አቅራቢው ሳይወድ በግድ ያከማቻል።