«አረፍ በሉ» እያልን ወላጆቻችንን አናድክማቸው

አባቴ ጡረታ የወጣ ሰሞን ቤቱ በሙሉ አንድ ቃል ነበር የሚለው። «አባባ፣ አንተ አረፍ በል።» ዳቦ መግዛት ለልጆች ተሰጠ፣ ግቢ መጥረጉም ቀረበት። በፍቅር ነው ያደረግነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ማለክለክ ጀመረ፣ እኛም «ዕድሜ ነው» ብለን አለፍነው።

ዕድሜ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ዳላስ ውስጥ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለጥናት ሲባል ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ሲለኩ፣ የሦስት ሳምንቱ መተኛት ከሠላሳ ዓመቱ እርጅና በላይ አቅማቸውን ጎድቶት እንደነበር ታወቀ። ከዚያ ስድስት ወር ቀስ በቀስ ልምምድ ሠሩ፤ በዕድሜ ያጡት የሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅምም ተመለሰ። አምስት ሰው ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔን አስደንግጦኛል።

እርጅና የለም እያልኩ አይደለም። የደም ሥር ውስጠኛው ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ስንንቀሳቀስ ሥሩን የሚያላላውና ደም እንደልብ እንዲያልፍ የሚያደርገው አንዱ እሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጋዙ ያንሳል፣ ግድግዳውም ይደነድናል። ስለዚህ ያው ዳገት የ65 ዓመቱን ሰው የደም ግፊት ከ25 ዓመቱ ይልቅ ከፍ ያደርገዋል። ሆርሞኑም እንዲሁ ነው። አድሬናሊንና ዘመዶቹ ልብን «ፍጠን» ይሏታል፣ ልብ ግን እንደ ድሮው አትሰማም፤ ጆሮው የከበደ ሰው እንደመጥራት ነው። በወጣትነት ጠንከር ያለ ስፖርት ሲሠራ ሽቅብ የሚወጣው የእድገት ሆርሞንም በሽማግሌው ላይ ከፍ የሚለው በጥቂቱ ነው።

የእናቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ አይወራም። የወንዱ ሆርሞን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። ሴት ስታርጥ ግን ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይወርዳል፣ ለደም ሥር ይሰጥ የነበረው ከለላም አብሮ ይሄዳል። ከ50 በኋላ ግፊት የጀመራቸውን እናቶች ቁጠሩ እስኪ። እነሱን ነው «ቁጭ በይ» የምንለው?

አንድ በር ግን አይዘጋም። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም የሚያስገባለትን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ ሳይጠብቅ ስኳር ከደም ይስባል፣ ይህ መንገድ በእርጅናም ክፍት ነው። ብዙ ሰው ላይ ግፊትም ከእንቅስቃሴ በኋላ ለሰዓታት ዝቅ ይላል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፣ በ1972 ሙኒክ ላይ ነሐስ ሲያመጣ ደግሞ 40። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። እነሱ ልዩ ናቸው፣ እሺ። እኔ የምለምነው ለሰፈር ዳገት ነው።

አካሄዱ ግን ይለያል። ሰውነትን ማሟሟቂያው ረዘም ይበል። ድንገት ማቆም ጥሩ አይደለም፤ ደም እግር ላይ ይቀርና ያዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል፣ ከ65 በላይ ላሉት ደግሞ ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቂያ ይጨምራል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሳትም ጡንቻ ያጠነክራል። የልብ ወይም የስኳር ችግር ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር፤ ደረቱን የሚያመው ሰው እዚያው ያቁም።

አንዳንድ የግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚያዘገይ የእንቅስቃሴውን ጫና በምት መለካት ያሳስታል። እየሄዱ ማውራት መቻልን ማየት ይሻላል። አሁን ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር እንወጣለን፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ የጀመረውን ጨዋታ ካቋረጠ እኔም እርምጃዬን ቀስ አደርጋለሁ።