ማስተካከያ፦ ደቅን በጀልባ ለመዞር ከየት በኩል ይጀመር?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናውን ደቅ ደሴት በጀልባ ስለመዞር ቀደም ብዬ ስጽፍ፣ «መጀመሪያ ዘጌ፣ ቀጥሎ ናርጋ ሥላሴ፣ በመጨረሻ ዳጋ እስጢፋኖስ» ብዬ ነበር (ዘጌ ከሐይቁ ዳር ያለ ልሳነ ምድር ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ገዳማት ናቸው)። አቅጣጫው ተገልብጧል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ በጻፍኩት መንገድ የሄደ ሰው ሰፊውን፣ መጠለያ የሌለውን ውኃ ማዕበል በሚነሣበት ሰዓት ሊያቋርጥ ነው። በታንኳ ለሚሄድማ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታችሁ በቀጥታ ወደ ዳጋ ቅዘፉ። ከዚያ ደቅን በሰሜን ዞራችሁ ናርጋ ድረሱ፣ ስትመለሱ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በኩል ወደ ዘጌ ውረዱ። ነፋስ ቢነሣ እንኳ የብሱ ቅርብ ነው። የጀልባው ነጂ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ግን እሱን ስሙ።

ዳጋንም የደቅ አካል አስመስዬ ጽፌ ነበር። ዳጋ ከደቅ በስተምሥራቅ ያለ ራሱን የቻለ ደሴት ነው፤ ሴቶች አይገቡበትም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን የደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ናት፤ እኅቶቻችንም ይሳለሟታል።