ባዮሎጂ የሐኪምነት ወረፋ ብቻ አይደለም

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ አንዲት ልጅ ኮሌጅ ገብታ ባዮሎጂ መረጠች ሲባል፣ የሰሚው መልስ ብዙውን ጊዜ «ዶክተር ልትሆን ነዋ፣ እግዚአብሔር ያሳካላት!» የሚል ነው። ምርቃቱ ከልብ የመጣ ቢሆንም፣ አንድን ሙሉ የዕውቀት ዘርፍ የሌላ ሙያ መጠበቂያ ወረፋ ያደርገዋል። በሊበራል አርትስ ኮሌጆች፣ ማለትም አንድን ሙያ ብቻ ሳይሆን ሳይንስን ከፍልስፍና፣ ከታሪክና ከቋንቋ ጋር አጣምረው በሚያስተምሩ ኮሌጆች፣ የሚሰጠው የባዮሎጂ ትምህርት ግን ለራሱ ሲባል ሊመረጥ የሚገባው ዲግሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

አመለካከቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። በአገር ቤት ሕክምና የሚያጠና ተማሪ በአብዛኛው ሌላ ዲግሪ ሳይዝ ወደ ሕክምና ትምህርት ይገባል። በአሜሪካ ግን የሕክምና ትምህርት የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁት የተወሰኑ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኮርሶችን እንጂ የባዮሎጂ ዲግሪን አይደለም። ኮርሶቹን የወሰደ የታሪክ ወይም የሙዚቃ ተማሪም ማመልከት ይችላል። ኤምካት የተባለው የመግቢያ ፈተና እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሳይኮሎጂንና ሶሲዮሎጂን ያካትታል። ከአመልካቾቹ መካከል በየዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቦታ እንደማያገኙ ስናስብ ደግሞ፣ አራት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ስታየው የቆየች ተማሪ ምን ይዛ ትቀራለች የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው።

በእነዚህ ኮሌጆች ተማሪዋ ከምትወስዳቸው ኮርሶች ሲሦ ያህሉ የባዮሎጂና ተዛማጅ የሳይንስ ኮርሶች ሲሆኑ፣ የቀረው በፍልስፍና፣ በቋንቋ፣ በታሪክና በመሳሰሉት የተያዘ ነው። ይህ ብዙ ወላጆች እንደሚሰጉት ጊዜ ማባከን አይደለም። የዘር ውርስን ሕግ የተማረ ሰው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ባሕርይ ማስላት ይችላል፤ ይኸው ዕውቀት ተጣምሞ እንዴት የመንግሥት ግፍ መሣሪያ እንደሆነ የሚረዳው ግን ታሪክና ሕግ ሲያነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የቨርጂኒያ ግዛት «አእምሯቸው ደካማ ነው» ያላቸውን ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዲያመክን ፈቅዷል። ዛሬ የሰውን ዘረ መል ማረም በሚቻልበት ዘመን፣ ይህን የማያውቅ ባዮሎጂስት ለእኔ ገና ትምህርቱን አልጨረሰም።

ከራሳችን ሰዎችም ምስክር አለን። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያሳድጉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ከዚያ ምልከታ የተነሳው ምርምር በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘላቸው። ግኝቱን ላቦራቶሪው አረጋግጦታል፤ ጥያቄው የተወለደው ግን የእናቶችን የዕለት ሥራ ልብ ብሎ ከማየት ነው። ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም የዕፅዋት ሥነ ምኅዳር ሊቅ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል፣ ማለትም ዘረ መላቸው የተለወጠ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሲዘጋጅ የአፍሪካ ተደራዳሪዎችን የመሩት ግን ሳይንስን ከሕግና ከገበሬው መብት ጋር አዋሕደው መከራከር ስለቻሉ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያገኘው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው አገር ፍርድ ቤት እስኪሰረዝ ድረስ ያሳለፍነው ዘመንም እንዲህ ዓይነት ሰዎች ምን ያህል እንደሚያስፈልጉን አሳይቷል።

የወላጆችን ስጋት አላቃልልም። ሌሊት ታክሲ እየነዱና በአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ ልጅ ያስተማሩ ሰዎች አስተማማኝ እንጀራ ቢሹ መብታቸው ነው፤ የባዮሎጂ ምሩቅ የመጀመሪያ ደመወዝም ከሶፍትዌር መሐንዲስ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ኮሌጁ ከመመረጡ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ጥቂት ሀብታም ኮሌጆች የቤተሰቡን አቅም ለክተው የጎደለውን በሙሉ ስለሚሸፍኑ፣ በወረቀት ላይ ያለው ክፍያ ብቻ ታይቶ መወሰን የለበትም። ተማሪዋ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከመምህር ጋር ምርምር ትሠራለች ወይ? ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ትማራለች ወይ? በመጨረሻው ዓመት የራሷን ጥናት ጽፋ በመምህራን ፊት ትከላከላለች ወይ? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ያለው ኮሌጅ ከተገኘ፣ ልጅቱ ሐኪም ብትሆንም ባትሆንም ባዮሎጂን ያለ ስጋት ትምረጥ።